ነጎድጓድ ሲመጣ የሚነቀለው ሳጥን

እኔ ቱግ ባይ ነኝ። የሚያውቁኝ ሁሉ ስለሚያውቁት መደበቁ አይጠቅመኝም። ያዘዝኩት ሻይ ቀዝቅዞ ሲመጣ ቱግ እላለሁ፤ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ቱግ እላለሁ፤ ከሁሉም በላይ ግን ሰው ሳይነግረኝ ሶኬት ሲነቅል ደሜ ይፈላል። አሠሪዬ ደግሞ ሶኬት በመንቀል ደብረ ታቦርን በሙሉ የምታስከነዳ ሴት ናት።

አሠሪዬ ከዐረብ አገር ተመላሽ ናት። እዚያ ብዙ ዓመት ሰው ቤት ሠርታ፣ ስትመለስ ካሜራ ይዛ መጣች። ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚያወጣው መንገድ ዳር ጠባብ ቤት ተከራይታ ፎቶ ቤት ከፈተች። ካሜራ የምትይዘው እሷ ናት፤ ኮምፒውተሩን የምይዘው እኔ። ታላቄ ስለሆነች «እታለም» እላታለሁ። እሷ ደስ ሲላት «ወንድምዬ»፣ ስትናደድ «አንተ ሰውዬ» ትለኛለች። በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱንም የምሰማበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጉርድ ፎቶ እናነሳለን፣ ላሚኔሽንም እንሠራለን፤ ዋናው ሥራችን ግን ሠርግ ነው። ሠርግ ሲደራረብብን ደግሞ ጭንቅ ነበር። «የእነዚያ ሰዎች ሠርግ የት ነው ያለው?» ስትለኝ ግማሹ አንዱ ኮምፒውተር ላይ፣ ግማሹ ሌላው ላይ፣ ቀሪው ማን ኪስ ውስጥ እንደገባ በማይታወቅ ፍላሽ ላይ ይሆናል። አንዴማ የአንዱን ሠርግ ሚዜዎች ከሌላው ሠርግ ቪዲዮ ጋር ቀላቅዬ አስረከብኩ። ሰዎቹ ጥሩ ሰዎች ስለነበሩ እየሳቁ ተመልሰው መጡና «እነዚህን ሸበላ ሚዜዎች ከየት አመጣችሁልን?» አሉን። አሠሪዬ ግን አልሳቀችም።

ከዚያ በኋላ ነው ሳጥኑን ያስመጣችው። ሳጥን የምንለው ሁለት ትልልቅ ዲስክ በሆዱ የያዘ፣ በኔትወርክ ገመድ ተያይዞ ሁሉም ኮምፒውተር በጋራ የሚጠቀምበት ማስቀመጫ ነው። «ሁሉም አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ ሁሉም ከዚያ ይውሰድ» አለች። ልክ ናት። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ጨመርኩበት። አንዱ ሥራ ሲያልቅ ቀጣዩን በራሱ የሚያስጀምር ፕሮግራም አለ፤ በነፃ የሚገኝ ነው፤ እሱን አንዱ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩ። የካሜራው ሚሞሪ ሲሰካ ፋይሎቹን ያነሳል፣ በሠርጉ ስም ፎልደር ከፍቶ ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጣል፣ የተነሳውና የተቀመጠው መግጠሙን ያያል፣ ከገጠመ ሚሞሪውን ያጸዳል፣ መጨረሻ ላይ ለአሠሪዬ ስልክ «ተቀምጧል» የሚል መልእክት ይልካል። ስሙን ተላላኪው ያለችው እሷ ናት።

ተላላኪውን ከሳጥኑ ጋር ማገናኘት ግን እንደ ወሬው አልነበረም። ኮምፒውተሩ ሳጥኑን ቶሎ አየው። ተላላኪው ግን በኮምፒውተሩ ውስጥ የራሱ የተዘጋ ክፍል ያለው ዓይነት ፕሮግራም ስለሆነ ከክፍሉ ውጭ ያለ ነገር አይታየውም። እኔ ፊት ለፊቴ የማየውን ፎልደር እሱ «የለም» ይለኛል። እንደ ምንም በር ከፈትኩለት። አሁን ደግሞ ማንበብ ቻለና መጻፍ አቃተው፤ ፈቃድ የለህም ይለዋል ሳጥኑ። የሳጥኑ ፈቃድ ሰጪ እኔ፣ ፈቃድ ለማኙም እኔ፤ ማን ዘንድ ሄጄ አቤት እንደምል ግራ ገባኝ። አሠሪዬ ከጀርባዬ ቆማ «ይኼን ሁሉ ከምትለምነው በእጅህ ብትገለብጠው አይቀልህም?» ትለኛለች። ቱግ አልኩ። ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ሻዩም ቀዝቅዞ መጣ።

በመጨረሻ መንገዱ ተገኘ። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ባዶ ፎልደር ከፈትኩና «ሠርግ» አልኩት። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ሳጥኑ መጥቶ እዚያ ባዶ ፎልደር ላይ ይደረባል። ተላላኪው «ሠርግ»ን ሲከፍት የሚያገኘው እንግዲህ የሳጥኑን ሆድ ነው። ሞከርነው፤ ሠራ። የአሠሪዬ ስልክ ጮኸ፤ «ተቀምጧል» የሚለውን ጮክ ብላ አነበበችና «እሰይ ወንድምዬ» አለችኝ። ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

ስለ ነጎድጓዱ ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ መብረቅ ቀልድ አይደለም። ከጉና ተራራ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ሰው ቴሌቪዥኑን ይነቅላል፣ ስልኩን ያጠፋል፣ ከዛፍ ሥር ይሸሻል። የጎረቤታችን የፀጉር ቤት ቴሌቪዥን በአንድ ብልጭታ ሲቃጠል በዓይናችን አይተናል። አሠሪዬ ግን ታበዛዋለች። ገና ከሩቅ ማጉረምረም ሲጀምር ሥራ መሀል ሆንኩ አልሆንኩ፣ «አጥፋ» ብላኝ ገና ሳልጨርስ ሁሉንም ሶኬት ትነቅላለች። ሳጥኑን ደግሞ ነቅላ ብቻ አትተወውም፤ ነጠላዋን ደርባ ትሸፍነዋለች። «ነጠላ መብረቅ ይመልሳል ያለሽ ማን ነው?» ብላት «አንተ ዝም በል፣ የደከምኩበት ዕቃ ነው» ትለኛለች። ሲያባራ ሁሉንም በአንድ ማከፋፈያ መልሳ ትሰካዋለች። እኔም እያጉረመረምኩ ሥራዬን ካቆምኩበት እቀጥላለሁ።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው የሠርግ ሰሞን አንዲት ልጅ ዳረን። ከተማችን ውስጥ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ቤተሰቦቿ ከጋፋት ወዲያ ገበሬ የሆኑ ልጅ ናት። ዳረን የምለው ቪዲዮውን ስላነሳን ነው። ታላቅ እህቷ ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች፤ ለሠርጉ ፈቃድ ለምና አሠሪዎቿ ከለከሏት። አሠሪዬ ይኼን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። እሷም እዚያ ሳለች የእናቷን መርዶ በስልክ ነው የሰማችው። ስለዚህ በዚያ ሠርግ ላይ ካሜራዋን ለደቂቃ እንኳ አላወረደችም፤ «ያቺ ልጅ አንድም ነገር እንዳያመልጣት» እያለች ቀረጸች። ሙሽራዋ የአባቷን ጉልበት ስትስም፣ አባትየው ሲመርቁ፣ ከዚያም የሌለችዋን ልጃቸውን ጨምረው ሲመርቁ፣ ሁሉንም ቀርጻዋለች። ወደ ሱቅ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

በማግሥቱ ሚሞሪዎቹን ሰጠችኝ። አንደኛው የቤተ ክርስቲያኑና የሙሽራው ወገን ነው፤ እሱ ገባ። መሀል ላይ ነጎድጓድ መጣ፤ ነቀለች፣ ሸፈነች፣ ሲያባራ ሰካች። ወዲያው ሁለተኛውን፣ የሙሽራዋን ቤት የያዘውን አስገባሁ። ስልኳ ጮኸ፤ «ተቀምጧል» አለ። ሁለታችንም አመንን። ሚሞሪው ጸዳ፤ በሚቀጥለው ሠርግ ሌላ ነገር ተቀረጸበት።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ሙሽራዋ ጥቁር ለብሳ መጣች። ሠርግ ላይ ያየናቸው አባቷ ታመው ብዙም ሳይቆዩ አርፈዋል። ነፍስ ይማር ብለን ወንበር ሰጠናት። «ሙሉ ቪዲዮው ይቆይ» አለች። «አባቴ የመረቁበትን ብቻ ስጡኝ። እህቴ ፊታቸውን ሳታይ ቀረች። ለሠርጉም አልመጣች፣ ለቀብሩም አልመጣች። እሷንም እኮ መርቀዋታል፤ አልሰማችውም።» አሠሪዬ «አሁኑኑ» አለቻትና ወደ እኔ ዞረች።

ፎልደሩን ከፈትኩ። ቤተ ክርስቲያኑ አለ፤ የሙሽራው ቤት ጭፈራ አለ። የሙሽራዋ ቤት የለም። ወደ ታች ወረድኩ፣ ወደ ላይ ወጣሁ፤ የለም። ፊቴን ያየችው አሠሪዬ ልጅቱን «ትንሽ የሚስተካከል ነገር አለው፤ እኛ እንደውልልሻለን» ብላ ሸኘቻት። በሩ ሲዘጋ «የት አለ?» አለችኝ። እኔም የት እንዳለ አላውቅም ነበር።

ያልፈለግሁበት ቦታ የለም። ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች በረበርኩ። ኤዲት የምናደርግበትን ኮምፒውተር በረበርኩ። ተላላኪው ያለበትን ኮምፒውተር በፋይሉ ስም እየጠራሁ አስፈለግሁት፤ ምንም። የጠፋ ፋይል ይመልሳል የሚባል ፕሮግራም ጭኜ ሚሞሪውን ሞከርኩት፤ የሌላ ሰው ሠርግ ላይ የማላውቃቸው ሽማግሌዎች ሥጋ ሲቆርጡ አሳየኝ። ተላላኪው ግን መዝገቡን ስጠይቀው ዓይኑን በጨው አጥቦ «ሠርግ ውስጥ አስቀምጫለሁ፣ ሁሉም ገጥሟል» ይላል። ማሽን ባይሆን አንገቱን ይዤ አንቀው ነበር።

እሱን ማነቅ ስላልቻልኩ ወደ እሷ ዞርኩ። «ነቅለሽ ነቅለሽ አባትየውን ነቀልሻቸው» አልኳት። ከአፌ እንደወጣ ደነገጥኩ። እሷም ዝም አላለችም፤ «ሚሞሪ አጽዳ ብለህ ያዘዝከው አንተ ሰውዬ አይደለህም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሁለታችንም እውነታችንን ነበር። ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ቀን ሱቅ ውስጥ የምንነጋገረው «ጉርድ ስንት ይውጣለት?» የሚለውን ብቻ ሆነ። ሙሽራዋ ስትደውል ስልኩ እጃችን ላይ እየጮኸ እንተያያለን።

አንድ ከሰዓት አሠሪዬ ነጠላዋን ለበሰች። «መድኃኒት ቤት ሄጄ ፊት ለፊት እነግራታለሁ» አለች። «ዐረብ አገር ቁጭ ብላ በየቀኑ ስልኳን የምታየውን እህቷን እኔ አውቃታለሁ። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ተስፋ እየሰጠሁ አላቆያትም።» እግሯ ደጃፉ ላይ ሳለ ሰማዩ አጉረመረመ።

ተመለሰች። እንደ ልማዷ ሁሉንም ነቀለች፤ ለመውጣት የለበሰችውን ነጠላ አውልቃ ሳጥኑን ሸፈነች። እኔ ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበረኝም። በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድበው እስኪያባራ ተቀመጥን። ነጎድጓዱ ራቅ ሲል ጉርድ ፎቶ ላስረክበው ቀጠሮ የሰጠሁት ሰው በር ላይ ቆሞ ስለነበር ተላላኪው ያለበትን ኮምፒውተር ብቻ ሰካሁ። «ሳጥኑን እንዳትነካ፣ ገና ይመለሳል» አለችኝ። አልነካሁትም።

ኮምፒውተሩ ተነሳ። የፎቶውን ፎልደር እከፍታለሁ ብዬ እጄ በልማድ «ሠርግ»ን ከፈተ። ሳጥኑ ስላልተሰካ ባዶ መሆን ነበረበት። ባዶ አልነበረም። አንድ ፎልደር ብቻውን ቁጭ ብሏል፤ ስሙ የሙሽራዋ ስም ነው።

ሰክታዋለች መሰለኝና ዞር ብዬ ሳጥኑን አየሁ። ነጠላው ሥር ነው፤ ገመዱ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ፋይሉን ስነካው አባትየው ብቅ አሉ። ከቤታቸው ደጅ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ልጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ፣ እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው። ድምፃቸው ሱቁን ሞላው። አሠሪዬ ከመቀመጫዋ ተነስታ መጣች፤ መጣችና ከወንበሬ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ተመስገን» ብቻ ነበር የምትለው። ፎቶውን ሊወስድ የመጣው ሰውዬ በሁኔታችን ግራ ተጋብቶ «በኋላ ልመለስ?» አለ።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በዚያ የነጎድጓድ ቀን ሁሉንም በአንድ ላይ ስትሰካ ኮምፒውተሩ ቀድሞ ነቃ፤ ሳጥኑ ለመነሳት ጊዜ ይወስዳል። ሳጥኑ ሳይመጣ ተላላኪው «ሠርግ»ን ከፈተ፤ ፎልደሩ አለ፤ ባዶ ነው፤ ባዶ ፎልደር ደግሞ ለእሱ ፎልደር ነው። እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ አስቀመጠውና «ተቀምጧል» አለ። አልዋሸም። በሚቀጥለው ጊዜ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሳጥኑ ተገኘና መጥቶ ተደረበበት፤ ፍራሽ ላይ አንሶላ ሲነጠፍ ከሥሩ የተቀመጠው ነገር እንደማይታይ ሁሉ፣ አባትየው ከሥር ቀሩ። እኔ ስፈልግ የነበረው አንሶላው ላይ ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬ መገልበጥ ሆነ። ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ፣ ላፕቶፕ ላይ ገለበጥኩ፣ በስልኬ፣ በስልኳ፤ ሰማዩ ሲጠራና ሳጥኑ ሲሰካ ደግሞ ሳጥኑ ላይ። አሠሪዬ እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ «ባልነቅለው ኖሮ እኮ አታገኘውም ነበር» አለችኝ።

«ባትነቅይው ኖሮ አይጠፋም ነበር» አልኳት።

«አንተ ሰውዬ» አለችና ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ ሰማኋት። እኔም ሳቄ መጣ፤ ትከሻዬ ላይ የነበረው ድንጋይ የት እንደወደቀ አላውቅም። ሻይ አዘዝን። ቀዝቅዞ መጣ፤ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ተላላኪውንም አስተካከልኩት። ሳጥኑ ውስጥ አንዲት ትንሽ ፋይል አስቀመጥኩ፤ ተላላኪው ምንም ነገር ከማስቀመጡ በፊት እሷን ይፈልጋል። ካገኛት የሳጥኑ ሆድ ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ካጣት ሥራውን ያቆምና «ሳጥኑ የለም» ብሎ ይልካል። ሚሞሪም በራሱ አያጸዳም፤ አሠሪዬ ቪዲዮውን በዓይኗ አይታ ስትፈቅድ ብቻ ነው። ለመሞከር ያህል «እስኪ ንቀይው» ስላት በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት ሶኬት ነቅላ አታውቅም። ስልኳ ላይ «ሳጥኑ የለም» የሚለው ሲመጣ እየደጋገመች አነበበችው። አሁንም ሲያጉረመርም ትነቅላለች። እኔም አሁን ዝም እላታለሁ፤ ቢያንስ ከበፊቱ በተሻለ።

ሙሽራዋ ቪዲዮው በተገኘበት ዕለት መጥታ ምርቃቱን ወሰደች። ሱቅ ውስጥ ልታየው አልፈለገችም፤ ስልኳን ደረቷ ላይ ይዛ ሄደች። ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሳ መጣችና «እህቴ መልስ ላከች፤ እናንተም ስሙት» አለችን። የድምፅ መልእክት ነው። ስትከፍተው መጀመሪያ የተሰማው የአባትየው ድምፅ ነበር። እህትየው ቪዲዮውን እያጫወተች አብራ የራሷን ድምፅ ቀርጻለች። ሠርጉ ላይ ያልነበረች ልጅ ምርቃቱን አሁን ልትቀበል ነው።

«ውለዱ፣ ክበዱ» ይላሉ አባትየው። «አሜን» ትላለች፣ ከዚያ ከሩቅ አገር፣ ሰው እንዳይሰማት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቤታችሁ ሙሉ ይሁን።» «አሜን።» «እርጅናችሁ ያማረ ይሁን።» «አሜን።» አባትየው ትንፋሽ ሰበሰቡ። «ባሕር ተሻግራ ያለችው ልጄ፣ የዛሬው ምርቃት የእሷም ነው» አሉ። «የሰው ቤት ያቀናች እጇ የራሷን ቤት ያቅና። በሰላም፣ በጤና ወደ ቤቷ ይመልሳት።»

አሜን አልመጣም። የምትተነፍሰው ይሰማል፤ ልትል ትሞክራለች፣ ድምፅዋ ይታፈናል። ሙሽራዋ ስልኩን ይዛ ታለቅሳለች። መልእክቱ ሊያልቅ ሲል አሠሪዬ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለችና እህትየው ያቃታትን ቃል፣ «አሜን» አለችላት። ከእሷ ቀጥለን ሙሽራዋም፣ እኔም አልን።